የድሬ ፀሐይ ወይስ የፋብሪካ ጉድለት? ተደጋጋሚ የዳሽቦርድ ብልሽትና የመኪና ባለቤቶች ቅሬታ አያያዝ ከደቻቱ አንጻር

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ በመኪና ውስጣዊ አካል ላይ፣ በተለይም በዳሽቦርድ ላይ፣ ተደጋግሞ የሚታይ ብልሽት የባለቤቶች ቅሬታ ሆኖ ሲቀርብ እንዴት እንደሚስተናገድ ይመረምራል። የጥናቱ አካባቢ በድሬዳዋ ከተማ የሚገኘው ደቻቱ ነው። ጽሑፉ ሦስት ዓለም አቀፍ ጉዳዮችን፣ የኢትዮጵያን የፍትሐ ብሔር ሕግና የሸማቾች ጥበቃ ድንጋጌዎችን እንዲሁም የአካባቢውን የአየር ጠባይ በማገናዘብ ይተነትናል። የጥናቱ ዋና መከራከሪያ ቅሬታው የሚከሽፈው በሕግ እጦት ሳይሆን በአመዳደብ ስሕተት ነው የሚል ነው። ብልሽቱ ገና ከመነሻው «የሙቀት ጉዳይ» ወይም «የመልክ ጉዳይ» ተብሎ ስለሚመደብ፣ ተመሳሳይ ቅሬታዎች ተሰባስበው አንድ ማስረጃ የሚሆኑበት ዕድል ይዘጋል። ይህም በዳሽቦርዱ ሥር ያለውን የደኅንነት መሣሪያ ጭምር ከዕይታ ውጭ ያደርጋል። በመጨረሻም አሁን ባለው ዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራ አሠራር ላይ ተመሥርተው ሊተገበሩ የሚችሉ የመፍትሔ ሐሳቦች ቀርበዋል።

ቁልፍ ቃላት፦ ደቻቱ፣ ዳሽቦርድ፣ ተደጋጋሚ ብልሽት፣ የሸማች ቅሬታ፣ የመልሶ ጥሪ፣ ኤርባግ

1. መግቢያ

የዚህ ጥናት መነሻ በአጥኚው ቤተሰብ የደረሰ አንድ ገጠመኝ ነው። የአጥኚው አጎት ያገለገለች አነስተኛ የቤት መኪና ገዝተው ደቻቱ ዳር፣ ጥላ በሌለበት የመንገድ ጠርዝ ያቆሟት ነበር። ዓመት ሳይሞላ ዳሽቦርዱ መጀመሪያ ወዝ አወጣ፤ ቀጥሎ ሲነኩት እጅ ላይ የሚጣበቅ ሆነ፤ በመጨረሻም ከፊት መስታወቱ ሥር ጀምሮ ተሰነጠቀ። ከቀትር በኋላ የሚያብረቀርቀው ገጽታ በመስታወቱ ላይ ስለሚያንጸባርቅ መንገዱን ማየት አስቸጋሪ ሆነባቸው።

አጎት መፍትሔ ፍለጋ ሦስት ሰዎች ዘንድ ሄዱ፤ ሦስት ዓይነት መልስም አገኙ። ሻጩ «የድሬ ፀሐይ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?» አሉ። መካኒኩ «ጋሼ፣ የዚህ ሞዴል ሁሉም እንዲሁ ነው» አለ። የመኪና ዲኮር ሠራተኛው ደግሞ «ቆዳ እናለብሰዋለን፤ ስንጥቁ አይታይም» ሲል አጽናናቸው። አጎትም ቆዳውን አስለብሰው ጉዳዩን ዘጉት።

ሦስቱ መልሶች በቅንነት የተሰጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ሆኖም ለጥናት ሲባል ለየብቻ መታየት አለባቸው። የመጀመሪያው ምክንያቱን ለተፈጥሮ ሰጥቶ ተጠያቂነትን ያስወግዳል። ሦስተኛው ጉዳቱን ይሸፍናል። ሁለተኛው ግን ከቀሩት ሁለቱ በባሕርይው ይለያል። «የዚህ ሞዴል ሁሉም» የሚለው አነጋገር ከአንድ መኪና ያለፈ፣ ከብዙ መኪኖች የተጠራቀመ ዕውቀት ይዟል። ይሁን እንጂ ይህ ዕውቀት የትም አልተመዘገበም፤ ከጋራዡ ደጃፍም አላለፈም። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ያ ዕውቀት ለምን እንደማይሻገርና አለመሻገሩ ምን እንደሚያስከትል ነው።

2. የጥናቱ ዓላማ፣ ዘዴና ወሰን

የጥናቱ ዓላማ ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ነው። አንደኛ፣ ሙቀት ለዳሽቦርድ ብልሽት ምን ያህል በቂ ማብራሪያ ነው? ሁለተኛ፣ በሌሎች አገሮች ተመሳሳይ የውስጥ አካል ቅሬታዎች ከግለሰብ ብሶት ወደ ጋራ ማስረጃ የተሸጋገሩት በምን መንገድ ነው? ሦስተኛ፣ የኢትዮጵያ ሕግ ለባለቤቱ ምን መብት ይሰጣል? መብቱስ በተግባር የሚደናቀፈው የት ላይ ነው?

ዘዴው የሰነድና የሕግ ትንተና ነው። መጠይቅ አልተሰራጨም። በመግቢያው የተጠቀሰው ገጠመኝም ጥያቄውን ለማስነሣት እንጂ እንደ ማስረጃ አልቀረበም። የጥናቱ ትኩረት አነስተኛ የቤት መኪኖች ሲሆኑ፣ በከተማዋ በብዛት የሚታዩት ባለ ሦስት እግር ባጃጆች የውስጥ አሠራራቸው የተለየ በመሆኑ አልተካተቱም።

3. ቦታው፣ ሙቀቱና የዳሽቦርዱ አሠራር

ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በመድረሱ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ደቻቱ ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፍ፣ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ የሆነ የአሸዋ ወንዝ ሲሆን ከዚራን ከመጋላ ይለያል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ ሻጩ የሰጡት ማብራሪያ ከእውነት የራቀ አይደለም። ፀሐይዋ በእርግጥ ብርቱ ናት።

የፀሐይዋን ብርታት በቁጥር ለመረዳት እ.ኤ.አ. በ2018 የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ ተመራማሪዎች ያሳተሙትን ጥናት መመልከት ይጠቅማል። ተመራማሪዎቹ ሙቀቱ 38 ዲግሪ አካባቢና ከዚያ በላይ በሆነባቸው ቀናት የቆሙ መኪኖችን ለክተዋል። ፀሐይ ላይ ለአንድ ሰዓት በቆመ መኪና ውስጥ የዳሽቦርዱ ሙቀት በአማካይ 69 ዲግሪ፣ የመሪው 53 ዲግሪ፣ የወንበሩ ደግሞ 51 ዲግሪ ደርሷል። ጥላ ሥር በቆሙት ላይ ግን ዳሽቦርዱ 48 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነበር። ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። ከመኪናው የውስጥ አካላት ሁሉ ትልቁን የሙቀት ጫና የሚሸከመው ዳሽቦርዱ ነው፤ ጥላ ብቻውን ደግሞ ከ20 ዲግሪ በላይ ይቀንስለታል።

ዳሽቦርድ ባብዛኛው በሦስት ንብርብር የሚሠራ ነው። ከሥር ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ከመካከል የፖሊዩሬቴን ስፖንጅ፣ ከላይ ደግሞ ለስላሳ ልባስ አለው። ልባሱ ብዙ ጊዜ ፒቪሲ ሲሆን፣ ልስላሴውን የሚያገኘው ከውስጡ ከተቀላቀለ ማለስለሻ ኬሚካል ነው። ሙቀት ሲደጋገም ይህ ኬሚካል ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣል፤ ይተናልም። የፊት መስታወት ከውስጥ በኩል ቅባት የመሰለ ጭጋግ የሚይዘው ከዚሁ የተነሣ ነው። ማለስለሻው ሲያልቅ ልባሱ ይደርቃል፤ ይኮማተራል፤ ከዚያም ይሰነጠቃል። የፀሐይ ጨረርም የፕላስቲኩን ሰንሰለታዊ ውሕድ ይበጣጥሳል። በአንዳንድ ሥሪቶች ላይ ደግሞ ከስፖንጁ የሚወጣ ኬሚካል የላይኛውን ልባስ መፈራረስ ያፋጥናል።

እንግዲህ ሙቀት ምክንያት መሆኑ አያከራክርም። አከራካሪው ብቸኛ ምክንያት መሆኑ ነው። ይህን ለመለየት ሁለት ቀላል ንጽጽሮች ይበቃሉ። የመጀመሪያው፣ በአንድ ፀሐይ ሥር፣ በአንድ መንገድ ዳር የሚቆሙና በዕድሜ የሚቀራረቡ የተለያዩ ሞዴሎች ሁሉም ይሰነጠቃሉ ወይ የሚል ነው። አንዱ ተሰንጥቆ ሌላው ደኅና ከሆነ ልዩነቱ ከፀሐይዋ ሊመጣ አይችልም፤ ፀሐይዋ ለሁለቱም እኩል ናት። ሁለተኛው፣ ያው ሞዴል እንደ አዲስ አበባ ባለ ቀዝቃዛ ከተማም ይሰነጠቃል ወይ የሚል ነው። በዚህኛው ንጽጽር ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ብትሆንም በከፍታዋ ምክንያት የፀሐይ ጨረሩ ብርቱ ነው። እንዲህም ሆኖ ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ላይ ሲጠየቁ የአየር ጠባይን ድርሻ ከአሠራር ጉድለት ድርሻ ለመለየት ያስችላሉ። «የዚህ ሞዴል ሁሉም» ያለው መካኒክ ሳያውቀው የመጀመሪያውን ንጽጽር አድርጎታል።

4. ከሌሎች አገሮች የተወሰዱ ሦስት ጉዳዮች

4.1 የሚቀልጠው ዳሽቦርድ

በአሜሪካ፣ በተለይም እንደ ፍሎሪዳ ባሉ ሞቃትና እርጥበታማ ግዛቶች፣ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. የተመረቱ የተወሰኑ የጃፓን መኪኖች ባለቤቶች ዳሽቦርዳቸው እንደሚያብረቀርቅ፣ እንደሚጣበቅና እንደሚሰነጠቅ አቤት ብለዋል። የመስታወቱ ነጸብራቅ እይታን ይከለክላል የሚለው ቅሬታም ተደጋግሞ ቀርቧል። መጀመሪያ ላይ የአየር ጠባይና የአያያዝ ጉዳይ ተደርጎ ታይቶ ነበር። ቅሬታው ሲበዛና ወደ ፍርድ ቤት ሲያመራ ግን ቶዮታ በ2010ሮቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2011 የተመረቱትን ካምሪዎች ጨምሮ ለተወሰኑ ሞዴሎች የዋስትና ማራዘሚያ ሰጠ። ማዝዳም በአንዳንድ ሞዴሎቹ ላይ ተመሳሳይ እርምጃ ወስዷል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ፀሐይዋ አለመለወጧ ነው። የተለወጠው የቅሬታው ቁጥርና መልክ ነው። የተለያዩ ሰዎች ያቀረቡት አቤቱታ በሞዴልና በምርት ዘመን ተደርድሮ ሲታይ «ሙቀት ነው» የሚለው ማብራሪያ ብቻውን መቆም አልቻለም።

4.2 «የምቾት ጉዳይ» የተባለው የመኪና ቁልፍ

ሁለተኛው ጉዳይ የጄኔራል ሞተርስ የሞተር ማስነሻ ቁልፍ መቀበያ ነው። እንደ ሼቭሮሌት ኮባልት ባሉ አነስተኛ መኪኖች ላይ የተገጠመው ይህ የውስጥ አካል በጣም የላላ ስለነበር፣ የቁልፍ መያዣ ክብደት ወይም የጉልበት ንክኪ ብቻ ከቦታው ሊያንሸራትተው ይችል ነበር። በዚህ ጊዜ ሞተሩ በጉዞ ላይ ይጠፋል፤ መሪው ይከብዳል፤ ከሁሉም በላይ ኤርባጉ በግጭት ጊዜ አይከፈትም።

ቅሬታዎቹ ለኩባንያው ከደረሱ ቆይተዋል። ነገር ግን በኩባንያው ውስጥ የተመደቡት የደንበኛ ምቾት ጉዳይ ተብለው ነበር። ምደባው የደኅንነት ቢሆን ኖሮ የሚከተለው እርምጃ ሌላ በሆነ ነበር። የመልሶ ጥሪው፣ ማለትም ጉድለት የተገኘባቸውን መኪኖች በሙሉ ጠርቶ በነጻ የመጠገን እርምጃው፣ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2014 ሲሆን 2.6 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን አካቷል። ለተጎጂዎች የተቋቋመው የካሣ ፈንድ 124 ሰዎች ከዚሁ ጉድለት ጋር በተያያዘ መሞታቸውን ተቀብሏል። ለመዘግየቱ አንዱ ምክንያት በቅሬታ መዝገብ ላይ የሰፈረ አንድ የተሳሳተ ምድብ ነበር።

4.3 ሙቀት የሚያስረጀው ኤርባግ

ሦስተኛው የታካታ ኤርባግ ጉዳይ ነው። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ኤርባጉን የሚነፋውን ጋዝ ለማመንጨት አሞኒየም ናይትሬት ይጠቀም ነበር። ይህ ኬሚካል ለረጅም ጊዜ ለእርጥበትና ለሚፈራረቅ ከፍተኛ ሙቀት ሲጋለጥ ባሕርይው ይለወጣል። በግጭት ጊዜ ከሚገባው በላይ ስለሚነድድ የብረት ማቀፊያውን ሰባብሮ ስብርባሪውን ወደ ተሳፋሪው ይወነጭፋል። የመጀመሪያው የሆንዳ የመልሶ ጥሪ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ2008 ነበር። እየሰፋ ሄዶ በአሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን ያህል ኤርባጎችን አካቷል፤ በታሪክ ትልቁ የመኪና የመልሶ ጥሪም ሆኗል። በዚያችው አገር ከ25 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ እንደ ማሌዥያ ባሉ ሞቃት አገሮችም ሞት ተመዝግቧል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2017 የመክሰር ጥበቃ ጠየቀ።

የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር የመልሶ ጥሪውን ቅደም ተከተል ያወጣው በአየር ጠባይ ክልል ነበር፤ ሞቃትና እርጥበታማ ግዛቶች ቅድሚያ አግኝተዋል። ይህ ውሳኔ ለእኛ ክርክር ቁልፍ ነው። ድሬዳዋ ላይ «ሙቀት ነው» የሚለው ንግግር የቅሬታው መዝጊያ ሲሆን፣ በታካታ ጉዳይ ግን ሙቀት ቅሬታው ቶሎ እንዲታይ የሚያደርግ ምክንያት ሆኖ አገልግሏል።

5. የኢትዮጵያ ሕግ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። በአንቀጽ 2289 መሠረት ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት የሚያስፈልገው ጠባይ ከሌለው ጉድለት አለበት ይባላል። ገዢው ዕቃውን የመመርመርና ጉድለቱን እንዳወቀ ለሻጩ የማስታወቅ ግዴታ አለበት። ማስታወቂያውን ከሰጠ በኋላም መብቱን በአንድ ዓመት ውስጥ መጠየቅ ይኖርበታል። በግዢ ጊዜ በግልጽ ይታይ ለነበረ ጉድለት ግን ሻጩ ዋስ አይሆንም።

ከዚህ ውስጥ ለደቻቱ ጉዳይ ወሳኙ ሐረግ «የተለመደ አገልግሎት» የሚለው ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ለሚነዳ መኪና ፀሐይ ላይ መቆም ከተለመደው አገልግሎት ውጭ የሆነ አያያዝ ሊባል አይችልም። መኪናው የት እንደሚነዳ እያወቀ የሸጠ ሰው ኋላ ላይ የዚያኑ ቦታ ፀሐይ መከላከያ አድርጎ ማቅረቡ ከሕጉ መንፈስ ጋር የሚጣጣም አይመስልም። በሌላ በኩል ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው እንደ አዲስ መኪና ሊጠብቅ አይችልም። ስለዚህ ጥያቄው ሁልጊዜ በዚህ ዕድሜ ካለ መኪና በዚህ ቦታ ምን ይጠበቃል የሚል ይሆናል። ይህን ለማስረዳት ደግሞ ገዢው ከራሱ መኪና ያለፈ ማስረጃ፣ ማለትም የሌሎች ተመሳሳይ መኪኖችን ሁኔታ፣ ያስፈልገዋል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ጉድለት ያለበት ዕቃ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ይህ ድንጋጌ ለዳሽቦርድ ብልሽት የሚኖረው ጥቅም ውስን ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ብልሽቱ የሚገለጠው ከወራት በኋላ ነው። ከዚህም ሌላ አዋጁ ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው በመሆኑ መኪናውን ለሥራ የገዛ ሰው ከጥበቃው ሊወጣ ይችላል። በተጨማሪም ብዙ ያገለገሉ መኪኖች የሚተላለፉት ከነጋዴ ሳይሆን ከግለሰብ ወደ ግለሰብ ነው። ለዚህ ሲባል የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአዋጁ ይልቅ የተሻለ መሠረት ሆኖ ይገኛል።

ከውል ውጭ ኃላፊነትን በሚመለከት አንቀጽ 2085 ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ተጎጂው የተለመደ ምርመራ ቢያደርግ ጉድለቱን ሊያውቀው ይችል ከነበረ ግን አምራቹ ነጻ ይሆናል። የኤርባግ ውስጣዊ ኬሚካል መበላሸት በተለመደ ምርመራ የሚታወቅ አይደለም። ሆኖም አምራቹ ባሕር ማዶ ነው።

በአንጻሩ የባለቤቱን ሸክም እንመልከት። በአንቀጽ 2081 መሠረት የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። በአንቀጽ 2086 መሠረትም ጥፋት የለብኝም፣ ወይም የጉዳቱ ምክንያት አልታወቀም በማለት ከኃላፊነት ሊያመልጥ አይችልም። በነጸብራቅ ዓይኑ ተጋርዶ እግረኛ የገጨ ሰው ዳሽቦርዱን ሊከስስ አይችልም። ሕጉ ባለቤቱን ያለጥፋቱ ኃላፊ ሲያደርገው፣ አሠራሩ ግን ስለ ገዛ መኪናው ጉድለት መረጃ የሚያገኝበት መንገድ አላበጀለትም። የዚህ ጥናት ማዕከላዊ ችግር ይህ አለመመጣጠን ነው።

6. ውይይት፦ ቅሬታው የሚጠፋባቸው ቦታዎች

ቅሬታው በመጀመሪያ የሚጠፋው በመኪናው የኋላ ታሪክ ውስጥ ነው። ወደ አገራችን ከሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ብዙዎቹ ቀደም ሲል በባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም በአውሮፓ ሲነዱ የነበሩ ናቸው። በጅቡቲ ወደብ በኩልም ያልፋሉ። የድሬዳዋ ሙቀት ደረቅ ነው፤ የባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ሙቀት ግን እርጥበት ያዘለ ነው። ለኤርባግ ይበልጥ አደገኛው ሁለተኛው ነው። ስለዚህ የድሬ አየር ደረቅ ነውና አያሰጋም የሚል መጽናኛ በቂ አይሆንም፤ መኪናው የቀደሙ ዓመታቱን ሙቀትና እርጥበት ይዞ ይመጣል። ከዚህ ሌላ በገበያችን «መሪው የተቀየረ» የሚባሉ፣ በቀኝ መሪ ተሠርተው ወደ ግራ የተዛወሩ አነስተኛ መኪኖች አሉ። መሪ ሲዛወር ዳሽቦርዱ ይነሣል፤ ይቆረጣል ወይም በሌላ ይተካል። በእንዲህ ዓይነቱ መኪና ላይ የሚታይ ስንጥቅ የፋብሪካው ነው ወይስ የለዋጩ የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ ኤርባጉ በቦታው ስለመኖሩም እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

ቅሬታው ሁለተኛ ጊዜ የሚጠፋው በጥገናው ውስጥ ነው። የተሳፋሪው ኤርባግ የሚወጣው ዳሽቦርዱን ቀድዶ ነው። በብዙ ሞዴሎች ላይ የሚቀደድበት መስመር ከውስጥ በኩል ሆን ተብሎ እንዲሳሳ የተደረገ እንጂ ከላይ የሚታይ አይደለም። በዚህ መስመር ላይ ወፍራም ቆዳ ተለጥፎ ሲሰፋ ኤርባጉ ሊዘገይ ወይም አቅጣጫውን ሊስት ይችላል። ከላይ የሚጣል የጨርቅ ልባስም በአግባቡ ካልተቆረጠ ተመሳሳይ እንቅፋት ይፈጥራል። የዲኮር ባለሙያው ስንጥቁን ለመሸፈን ሲጥር የመልክን ችግር ወደ ደኅንነት ችግር ሊለውጠው ይችላል ማለት ነው። የአጥኚው አጎት መኪና ላይ የለበሰው ቆዳ የኤርባጉን ቦታ ሳይለይ ዳር እስከ ዳር የተሰፋ ነበር። በወቅቱ ከቤተሰቡም ሆነ ከባለሙያው ይህን የጠየቀ አልነበረም።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የከፋው፣ ቅሬታው በምደባው ውስጥ የሚጠፋበት ነው። የጄኔራል ሞተርስ መሐንዲሶች «ምቾት» እንዳሉት ሁሉ እኛም «ፀሐይ» እንላለን። ሁለቱም ቃላት የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ ጥያቄው እንዳይቀጥል ያደርጋሉ። ልዩነቱ እዚያ ምድቡ በመዝገብ ላይ የሰፈረ በመሆኑ ኋላ ላይ ተፈልጎ ሊገኝና ሊታረም መቻሉ ነው። እዚህ ግን በቃል ተነግሮ በቃል ስለሚያልቅ የሚታረምበት ዕድል የለም።

ለዚህ የደቻቱ ነዋሪ የሚያውቀው አስረጂ አለ። ከሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ደቻቱ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ጎርፉ የመጣው ከተማዋ ላይ ከጣለ ዝናብ ይልቅ በደጋው ከጣለውና በየሸለቆው ተሰባስቦ ከወረደው ዝናብ ነው። በየገደሉ የሚወርደውን ጅረት ለብቻው ያየ ሰው አደጋውን አይገምትም፤ የሚገምተው ጅረቶቹ የሚገናኙበትን ያወቀ ነው። ተደጋጋሚ የመኪና ጉድለትም እንዲሁ ነው። አንድ የተሰነጠቀ ዳሽቦርድ ትንሽ ነገር ነው። ቁም ነገሩ የሚገኘው ቅሬታዎቹ በሚገናኙበት ቦታ ነው። ያ ቦታ ግን እስካሁን አልተዘጋጀም።

ጉዳዩ ከቀድሞው ይልቅ አሁን አስቸኳይ የሆነበት ምክንያትም አለ። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባረጁ መኪኖች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። የፖሊሲዎቹ ዓላማ ምንም ይሁን ምን፣ አንዱ ውጤታቸው በእጅ ያለው መኪና ዋጋው ጨምሮ ለረጅም ዓመታት መነዳቱ ነው። ባለቤቱ መኪናውን በሌላ ሊተካ ካልቻለ ስለ መኪናው ጉድለት ማወቅ ያለው ጥቅም ይጨምራል።

7. ማጠቃለያና የመፍትሔ ሐሳቦች

ጥናቱ የደረሰበት መደምደሚያ የሚከተለው ነው። ሙቀት የዳሽቦርድ ብልሽት እውነተኛ ምክንያት ቢሆንም በቂ ምክንያት አይደለም። በሕጉ ዓይንም በሞቃት ከተማ መነዳት የተለመደ አገልግሎት እንጂ የባለቤቱ ጥፋት አይደለም። ቅሬታዎች መብት ወደ ማስከበር የሚሸጋገሩት በሞዴል፣ በምርት ዘመንና በቦታ ተደርድረው ሲታዩ ብቻ ነው። ከዚህ በመነሣት አምስት ሐሳቦች ቀርበዋል።

አንደኛ፣ ዓመታዊው የቦሎ ምርመራ መረጃ መሰብሰቢያ ይሁን። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች ይመረመራሉ፤ የሻንሲ ቁጥራቸውም ይመዘገባል። በምርመራ ቅጹ ላይ የዳሽቦርዱን ሁኔታ፣ የመሪ መዛወርንና የኤርባግ መኖር አለመኖርን የሚመለከት አንድ መስመር መጨመር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በዓመት አንድ ጊዜ ከሁሉም መኪኖች የሚሰበሰብ መረጃ በክፍል ሦስት የተጠቀሱትን ሁለት ንጽጽሮች ለማድረግ ያስችላል።

ሁለተኛ፣ የሻንሲ ቁጥር ከአምራቾች የመልሶ ጥሪ ዝርዝር ጋር ይመሳከር። ብዙ አምራቾች ቁጥሩን በማስገባት ማንኛውም ሰው በነጻ የሚያይበትን አገልግሎት ይሰጣሉ። ይህን መመርመሪያ ጣቢያዎች ቢያደርጉት፣ ካልሆነም ባለቤቶች ሊብሬያቸውን ይዘው ራሳቸው ቢያደርጉት ጠቃሚ ነው። የኤርባግ ማስጠንቀቂያ መብራት አለመብራቱ ማረጋገጫ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። መብራቱ የኤሌክትሪክ መስመሩን እንጂ የጋዝ አመንጪውን ኬሚካል መበላሸት አያሳይም።

ሦስተኛ፣ ለዲኮር ባለሙያዎች አጭር ሥልጠና ይሰጥ። ኤርባግ ያለበት የዳሽቦርድና የወንበር ክፍል ላይ ቆዳ አለመስፋትን ማስተማር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ባለቤቱም የተሰነጠቀውን ከመሸፈኑ በፊት ፎቶግራፍ ቢያነሣ ማስረጃውን አብሮ አይሸፍንም።

አራተኛ፣ ገዢዎች ጉድለትን በጽሑፍ የማስታወቅ ልማድ ያዳብሩ። የሕጉ የአንድ ዓመት ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ከማስታወቂያው በመሆኑ በቃል የተነገረ ቅሬታ ኋላ ላይ ለማስረዳት ያዳግታል። ቀን፣ የሻንሲ ቁጥርና የጉድለቱን መግለጫ የያዘ አንዲት ገጽ ደብዳቤ ትበቃለች።

አምስተኛ፣ የመካኒኮች ዕውቀት ይመዝገብ። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካል ምህንድስናና የሕግ ተማሪዎች በጋራ፣ በደቻቱና በአካባቢው ካሉ ጋራዦች የሚሰበሰብ የተደጋጋሚ ብልሽት መዝገብ ቢጀምሩ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍም ለከተማዋም የሚጠቅም ሥራ ይሆናል።

ከዚሁ ጋር ማንኛውም ባለቤት ዛሬውኑ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። መኪናን ጥላ ሥር ማቆም፣ ካልተገኘም የፊት መስታወቱን ከውስጥ በሚያንጸባርቅ መከለያ መጋረድ የዳሽቦርዱን ዕድሜ ያራዝማል። ይህ ግን የባለቤቱ ጥንቃቄ ነው፤ የሌላውን ወገን ኃላፊነት አይተካም። «የድሬ ፀሐይ ነው» ለሚለው መልስ የሚቀጥለው ጥያቄ «ታዲያ አጠገቧ የቆመችው ሌላዋ መኪና ለምን አልተሰነጠቀችም?» የሚል ሊሆን ይገባል።